ሻምበሉ ከአውሮፕላን የወረዱ ቀን

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ፣ ሰው በሌለበት ፓርኪንግ፣ የልጅ ልጄን መኪና መንዳት እያስተማርኩ ነው። ነገ ፈተና አለባት። መሪውን አንቃ ይዛዋለች፤ ፍሬን በረገጠች ቁጥር የተቃጠለ ጎማ ይሸታል።

«ላላ አድርጊው እንጂ!»

«አባባ፣ ሲጮኹብኝ እኮ ነው የምሳሳተው! ፕሊስ!»

ይህን ሽታ የማውቀው ከቢሾፍቱ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አውሮፕላን ብርቅ በነበረበት ዘመን እዚያ እጩ የጦር አብራሪ ነበርኩ። እንግሊዝኛውን ማንም ሳያስተምረኝ ከመማሪያው መጽሐፍ አጥንቼ፣ ተማሪ ቤት የጠገቡትን ሁሉ እበልጥ ነበር። አስተማሪያችን፣ ሸበቶው ሻምበል፣ ይህ ምንም አይመስላቸውም። በርጩማ ላይ አስቀምጠው፣ የመጥረጊያ እንጨት እንደ አውሮፕላን መሪ በጉልበቶቼ መሃል አስይዘው፣ ዓይኔን ጨፍኜ «እንድበር» ያደርጉኛል።

«በጣትህ ያዘው! በሬ መሰለህ የምትጎትተው?»

ብቻውን መብረር ያቃተው ይባረር ነበር። አንድ ጠዋት አውሮፕላኗን መሬት ላይ ደጋግሜ ሳነጥራት፣ ሻምበሉ አስቁመውኝ ከኋላዬ ወንበር ዘለው ወረዱ።

«ከአንተ ጋር ከምሞት፣ ብቻህን ሙት! ሂድ፣ ተነስ!»

ተነሳሁ። ዞሬ እንደ ላባ አሳረፍኳት። ከዚያ ወዲያ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ሻምበሉ ግን «ችሏል» ብለው ይውረዱ፣ አንገፍግፌያቸው ይውረዱ፣ እስኪሞቱ አልነገሩኝም።

መኪናዋ እንደገና ተንገጫግጫ ቆመች። በሩን ከፍቼ ወረድኩ።

«አባባ፣ ተናደው ነው የወረዱት ወይስ ችያለሁ?»

«ንጂ!» አልኩና በሩን ዘጋሁት።