አዲሎ ላይ በሩ ሲዘጋብኝ

ሆሳዕና ውስጥ ከስደት ተመላሾችን የምትረዳ አንዲት ትንሽ ድርጅት ስትቀጥረኝ የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ይመስል ነበር። አዲስ ተገልጋይ ሲመጣ መጠይቅ ይሞላል፤ እኔ ደግሞ መልሶቹን አይቼ አገልግሎቱ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚወስደው መንገዱን እስላለሁ። ሕመም አለብኝ ያለ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ማደሪያ የለኝም ያለ ወደ ማረፊያ፣ የእጅ ሙያ አለኝ ያለ ወደ ሥልጠና። የቢሮውን ግድግዳ በትልልቅ ወረቀት ሸፍኜ ከእያንዳንዱ መልስ ቀስት አወጣ ነበር። «ታስሬ አውቃለሁ» ከሚለው መልስ የሚነሳው ቀስት ወደ ምክር አገልግሎት ይሄዳል። በቀይ ማርከር ነው የሳልኩት፤ አጭርና ቀጥ ያለ ነበር።

ኃላፊያችን ግድግዳውን ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ «ወረቀት ላይ ያምራል» አሉኝ። «እስቲ ደግሞ ሰው ላይ ይታይ። አዲሎ ሂጂና ሞክሪው።»

አዲሎ በምትባለው የከምባታ ከተማ አንዲት እናት እርዳታ ጠይቀውን ነበር። ልጃቸው ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ወጥቶ ከመንገድ ነው የተመለሰው። ከመጣ ወዲህ ከክፍሉ አልወጣም ብሏል። እኔ ሆሳዕና ያደግሁ የመምህራን ልጅ ነኝ፤ ሀዲይኛ ለገበያ ያህል እሰማለሁ፣ ከምባትኛ ግን አንድ ቃል አላውቅም። ስለዚህ አንጋጫ የተወለደ፣ ከምባትኛ አፉን የፈታበት ባልደረባዬ አብሮኝ እንዲሄድ ተደረገ። በዱራሜ በኩል በሚኒባስ ሄድን።

ቤታቸው ከአስፋልቱ ጀርባ፣ ከእንሰቱ ወዲያ ነው። የልጁ ክፍል ከዋናው ቤት ተነጥሎ የተሠራ፣ አንድ በርና አንዲት ጠባብ መስኮት ያለው ቤት ነበር። እሱ ረጅም፣ ቀጭን፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማያንስ ወጣት ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም ከግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ወዲያው ባልደረባዬ ስልክ ተደወለለትና ወደ እኔ ዞሮ፣ «እህቴ፣ አማርኛ በደንብ ይችላል፤ መጣሁ» ብሎ ወጣ። እናቱም የሚጠጣ ነገር ላምጣ ብለው ተከተሉት።

ስሙን ጠየቅኩት፤ ነገረኝ። የእናቱን ስም ጠየቅኩት፤ ቆይቶ ነገረኝ።

«ችግር ቢያጋጥም የምንደውልበት የቤተሰብ ስልክ?» አልኩ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳልል። ቦታውን ባዶ ትቼ አለፍኩ። «ውጭ አገር ያለ ዘመድስ አለህ?»

ሲነሳ ሰማሁት። የሚወጣ መስሎኝ ነበር። በሩን ገፍቶ ዘጋው፤ የብረት መቀርቀሪያውን ወረወረና ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመ።

«ማን ነው የላከሽ?»

የድርጅቱን ስም ልነግረው ጀምሬ ተውኩት። መስኮቷን አየሁ፤ ትከሻዬን እንኳ አታሳልፍም። ከአስፋልቱ የከባድ መኪኖች ጩኸት ይመጣል። ብጮህ የሚሰማኝ እንደሌለ አሰብኩ፤ ብጮህ ደግሞ ምን እንደሚያደርገኝ አሰብኩ።

«ስልክሽን መሬት ላይ አድርጊው።»

አደረግሁ።

«መንገድ ላይ ያገቱን ደላሎችም እንዲህ ነበር የሚጀምሩት» አለ፣ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል። «እዚያ መጋዘን ውስጥ። በትህትና ነው። አንዱ እስክሪብቶ ይዞ ይቀመጣል። ስምህ ማን ነው? የእናትህስ? ስልኳ ስንት ነው? ውጭ አገር ማን አለህ? ከዚያ ይደውሉላታል። ገንዘብ ላኪ እያሉ፣ እየደበደቡኝ ድምፄን ያሰሟታል።»

ጉልበቴ ላይ ያለውን መጠይቅ አየሁ። ጥያቄዎቹ እነዚያው ነበሩ፤ ቅደም ተከተላቸውም ሳይቀር። አሳዘነኝ ብል እዋሻለሁ። በዚያች ሰዓት የማስበው ስለ ራሴ ብቻ ነበር። መቀርቀሪያው ላይ ያረፈውን እጁን እያየሁ፣ ባልደረባዬ የት ደረሰ እያልኩ ነበር።

«አሁን እኔ ልጠይቅሽ» አለ። «ስምሽ?»

ነገርኩት።

«የእናትሽ ስም?»

እሱንም ነገርኩት።

«ስልኳ?»

እናቴ ቤት ውስጥ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ስልክ ሲጮህ ማን እንደሆነ ሳታይ የምታነሳ ሴት ናት። ቁጥሯ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። የውሸት ቁጥር ልስጠው ብዬ ሞከርኩ፤ አንድም ቁጥር አልመጣልኝም።

«አልነግርህም» አልኩት። «ፈርቼሃለሁ።»

ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሆነ ነገር የለም። ስገልጠው ጀርባውን ከበሩ ጋር አጣብቆ ቆሟል። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። እስከዚያ ድረስ እሱም እኔን ሊፈራ ይችላል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

በሩ ተንኳኳ። «እህቴ! ምንድን ነው? ክፈቺ!» ባልደረባዬ ነበር። መልስ ሲያጣ በትከሻው መታው። ልጁ ዘወር ብሎ በሩን በሁለት እጁ ደገፈ፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ተው! አትግፋ!» ብዬ ጮህኩ። ያ ድምፅ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «ደህና ነኝ፣ ተወው!»

ግፊያው ቆመ። ከዚያ የእናቱ ድምፅ በከምባትኛ ተሰማ። ልመናም ቁጣም የለውም፤ ሥራ ላይ ያለች እናት ልጇን የምትጠራበት ድምፅ ነው። ልጁ አዳመጠ። አንድ ነገር መለሰ። እናቱ ደገሙለት። መቀርቀሪያውን ሳበና ወጣ፤ ባልደረባዬን እንኳ ዞር ብሎ ሳያየው ወደ ጓሮ ሮጠ።

«ምን ብለውት ነው?» አልኩ፣ ስልኬን ከመሬት እያነሳሁ።

«ጥጃው ጎመኑን ጨረሰው፣ እኔ አልቻልኩትም፣ ና መልስልኝ ነው ያሉት።»

ስንወጣ ጥጃው እውነትም ጎመኑ መካከል ነበር። ልጁ በባዶ እግሩ ያባርረዋል። ከገመዱ ፈትተው የለቀቁት እናቱ ራሳቸው እንደሆኑ ባልደረባዬ አይቶ ኖሯል።

ሚኒባስ ውስጥ መጠይቁን አወጣሁት። መጠይቁ መጨረሻ ላይ ሠራተኛው የሚሞላው አንድ ሳጥን አለ፤ «ለሠራተኛ አደገኛ ነው» የሚል። እሱ ላይ ምልክት ከተደረገ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ያልፋል፤ አገልግሎቱም ይቆማል። ያንንም ቀስት የሳልኩት እኔ ነኝ።

«ምልክት አድርጊበት» አለኝ ባልደረባዬ። «ነገ ሌላዋን ቢገድላትስ?»

አላደረግሁም፤ ግን አልተከራከርኩትምም። ሳጥኑን ባዶ ትቼ ለኃላፊያችን የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። የእናት ስም፣ ስልክና የውጭ ዘመድ የሚሉት ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ቀን ይውጡ ስላቸው፣ እርዳታ ሰጪዎቹ ሙሉ ፎርም ነው የሚፈልጉት ብለው ተቃወሙ። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ ጥያቄዎቹ ሰውየው ከለመደን በኋላ እንዲጠየቁ፣ የመጀመሪያው ጉብኝትም ሁልጊዜ ለሁለትና ከቤት ውጭ እንዲሆን ተስማማን። ወረቀቱን ከግድግዳው አንስቼ እንደገና ሳልኩ።

አዲሎ የሚመለሰው ግን ሌላ ሰው እንዲሆን በልቤ እመኝ ነበር። እናቱ በጎረቤት ስልክ ደውለው «ያቺ ልጅ ትምጣ፣ ይቅርታ ሊጠይቃት ነው» ሲሉ እምቢ ለማለት አፈርኩ። ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ወርጄ ነበር፤ እንደገና ገባሁ።

ደጃፍ ላይ፣ ሰው በሚያልፍበት፣ ባልደረባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ተገናኘን። ወረቀት አላወጣሁም።

«ዛሬም ትፈሪኛለሽ?» አለኝ።

«አዎ።»

ራሱን ነቀነቀ። ቅር ያለው አይመስልም። ከዚያ ሞተር ሳይክል መጠገን እንደሚችል፣ ማታ ማታ እንቅልፍ እንደማይወስደው ነገረን። ዱራሜ ወደሚገኝ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወሰድነው፤ ሄደ፣ አቋረጠ፣ በእናቱ ጉትጎታ እንደገና ጀመረ። አሁን አዲሎ መንገድ ዳር ከአንድ ጋራዥ ሰው ጋር ይሠራል ይሉኛል። የእናቱን ስልክ ለመዝገባችን የሰጠን ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው ነው።