በሩ ጢጥ ባለ ቁጥር

እዚህ መካነ ሰላም ነርስ ነኝ። አዳር ተረኛ ስሆን ጠዋት ገብቼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እተኛለሁ። እተኛለሁ ማለቴ፣ ያ ጉደኛ ዕቃ ካስተኛኝ ነው። ሰፈራችን ሌባ ገባ ሲባል፣ ደሴ የሚሠራው ባለቤቴ ፈርቶ የበር አላርም አስገጠመ። ባለሙያው ደግሞ ሶኬት ያለው እዚያ ነው ብሎ ቁጥር የሚነካበትን ሰሌዳ ከትራሴ በላይ ለጠፈው። ከዚያ ወዲያ የሳሎኑ በር በተከፈተ ቁጥር ጆሮዬ ሥር «ጢጥ ጢጥ ጢጥ!» ይላል። ሲዘጋም እንደዚያው።

ብቻዬን ሳለሁ ማን ይከፍተዋል? ጉዱ የመጣው አባዬ ለዓይናቸው ሕክምና ከወግዲ መጥተው እኔ ዘንድ ሲያርፉ ነው። እሳቸው አገር በር በቀን አይዘጋም። ፀሐይ ወጥታ በሩ የተዘጋ ቤት፣ ወይ የታመመ አለ ወይ የተጣላ አለ ይባላል። እኔ ይዝጉ ስላልኳቸው ይዘጉታል፤ የመንገደኛ ድምፅ ሲሰሙ ደግሞ ብድግ ብለው ይከፍቱና «ኧረ ግቡ!» ይላሉ።

አንድ ቀን ስናዋልድ አድረን ገባሁ። እግሬ አልሸከም ብሎኛል። ገና ሸለብ ሲያደርገኝ ጢጥ! ደግሞ ጢጥ! ተነሥቼ ሳሎን ወጣሁና ጮኽኩባቸው።

«አባዬ፣ ኧረ ምንድን ነው? ወይ ይግቡ፣ ወይ ይውጡ! እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ?»

አባቴን እኮ ነው! ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «እኔን ልጄ፣ ቀሰቀስኩሽ?» አሉ። ተመልሼ ተኛሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ስተኛ አንድም ጢጥታ አልሰማሁም። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ለመዱ ብዬ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። «አንቺ፣ ወላሂ አበዛሽው! አባትሽ አንቺ ሳትተኚ ወጥተው እስክትነሺ ደጅ ነው የሚውሉት። ትናንት በዚያ ዝናብ ቤትዎ ይግቡ እንጂ ብላቸው፣ በሩ ይጮህና ልጄ ትነቃለች አሉኝ። እኔ ነኝ በግድ በረንዳዬ ያስገባኋቸው።»

ምነው ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ወይ ይግቡ ወይ ይውጡ ብያቸው፣ በቀን በር ዘግተው መቀመጡን ስላልቻሉበት መውጣቱን መርጠዋል። ለካ ሰሞኑን የያዛቸው ሳል የደጅ ብርድ ነው። እኔ ነርስ ተብዬዋ ሽሮፕ ሰጥቼ፣ ከየት አመጡት ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም።

ለባለሙያው ደወልኩ። «ዳር ላይ ያለችውን ቁልፍ ጫን በያት፣ ድምፁ ይጠፋል» አለኝ። ጫን አልኳት፤ ጠፋ። ይኸው ነው! አባቴን ደጅ ያዋልኩት አንድ ቁልፍ መጫን ተስኖኝ ነው። ሮጬ ብነግራቸው «ጎሽ፣ አሁን ደህና ትተኛለሽ» አሉና በሳምንቱ ሕክምናቸውን ጨርሰው አገራቸው ገቡ። ይቅርታ ሳልጠይቅ ሸኘኋቸው። አፍሬ።

ባለፈው ወር ይህንኑ ልናገር ወግዲ ሄድኩ። ገና ከደጃፉ ስደርስ ዓይኔን አይተው «ከአዳር ነው የመጣሽ፣ ጋደም በይ» አሉኝ።

«ኧረ አባዬ፣ የምነግርዎት ነገር አለኝ።»

«ስትነሺ ትነግሪኛለሽ» ብለው መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፉልኝ። ከዚያ ዱላቸውን ይዘው ወጡና ከበሩ አጠገብ፣ ውጭ፣ ተቀመጡ።

ዓይኔን ጨፈንኩ እንጂ አልተኛሁም። አንድ መንገደኛ «እንዴት ዋላችሁ ቤቶች!» ሲል ሰማሁ። አባዬም በሹክሹክታ «ቀስ በል ወንድሜ፣ ልጄ ተኝታለች» አሉት። ተነሥቼ እግራቸው ላይ ልወድቅ ብዬ ቀና አልኩ።

እሳቸው ግን የመንገደኛው ድምፅ የቀሰቀሰኝ መስሏቸው ተነሡ። በጠራራ ፀሐይ፣ አገር እያያቸው፣ የቤታቸውን በር በላዬ ቀስ አድርገው ዘጉት።