አምስተኛዋ ልብ

አጎቴ በገንዘብ መጫወት ሐራም ነው ብለው፣ እሁድ ከሰዓት ሆጤ ሰፈር ካለው ቤታቸው ደጅ ፖከር የሚያጫውቱን በባቄላ ነበር። ባቄላው ያለቀበት ይነሳል፤ ያን ቀን ተመልሶ አይቀመጥም። ስለዚህ ማንም በቀልድ አይጫወትም ነበር።

አንድ እሁድ አጎቴ አራት የልብ ካርታ ያዙ። አምስተኛዋ ልብ ብትመጣ ሁሉን ይጠርጋሉ። እሷን ለማየት ግን የቀራቸውን ባቄላ በሙሉ መግፋት ነበረባቸው። ካርታቸውን ትተው ባቄላቸውን አዩ።

"ባትመጣስ?" አሉና ካርታቸውን ጣሉ።

"አራት ልብ ይዘው ፈሩ?" አላቸው ጎረቤታቸው እየሳቀ።

"ወላሂ፣ ልብ ስላለኝ ነው የጣልኩት!"

ሁልጊዜም እንዲህ ነበሩ። እኛ ብትመጣ የምናገኘውን ስናስብ፣ እሳቸው ባትመጣ የሚቀራቸውን ያያሉ።

በቀይ ሽብር ጊዜ ወታደሮች ልጃቸውን ከከተማችን ፒያሳ አፍሰው ኮምቦልቻ አሰሩት። ልጄን ብሎ የሄደ አባት እዚያው እንደሚቀር ከተማው ሁሉ ያውቃል። በማግስቱ ጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው ሲወጡ በሩ ላይ ቆምኩባቸው።

"አጎቴ፣ ባይለቁትስ?"

"ላይለቁት ይችላሉ።"

"እርስዎንም ቢያስቀሩዎትስ?"

"ሊያስቀሩኝ ይችላሉ። ዞር በል ልጄ፣ መኪናው ያመልጠኛል።"

ከዚያ ወዲህ አላየናቸውም፤ አስከሬናቸውን እንኳ አልሰጡንም። እሁድ ደጁ ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም።

ልጃቸው በሳምንቱ ተፈታ። ምንም አልሰማም ነበር። ፊቱ አብጦ፣ እየሳቀ ገባና ክፍሉን በዓይኑ ዞረው።

"አባባስ?" አለን።