የሐሙሱ ውዳሴ

ዛሬ ጠዋት ውዳሴ ማርያሜን ከማኅደሩ ሳወጣ፣ የቆዳው ሽታ ልጅ ሆኜ ደባርቅ ሳለን እናቴ ወደታመመችበት ክረምት ወሰደኝ። አባባ ስለት ሊሳልላት ወደ ደረስጌ ማርያም ሲሄድ፣ «የየዕለቱን ሳታቋርጥ ድገምላት» ብሎኝ ነበር። በንባብማ እስከ ዳባት የሚስተካከለኝ አልነበረም! ሐሙስ ዕለት ግን ልጆች ኳስ ይዘው ከበር ይጠሩኛል፤ የሐሙሱ ደግሞ ረዥም ነው። አጭሯን የሰኞን አንበለበልኩና ብድግ አልኩ።

ፊደል የማትቆጥረው እናቴ ከአልጋዋ ሆና፣ «አንተ ቀልማዳ፣ ሰኞ አለፈ'ኮ!» አለች።

«እማዬ፣ ያው ጸሎት አይደል?»

«እመቤቴን ጠርተህ፣ ገና ሳትቀመጥልህ ጥለሃት ልትሮጥ?»

ነገሩ አልገባኝም። እየተቁነጠነጥኩ የሐሙሱን ጀመርኩ።

እናቴ ድና ተነሳች፤ የእኔ መቁነጥነጥ ግን ይኸው እስከ ሽበቴ አልዳነም። አሁንም ስልኬ ሁለቴ ጮኸ። ይጩህ! ገና ሁለት ገጽ ይቀረኛል።