ከማንትል የወጣው አረንጓዴ ድንጋይ
በትምህርት ቤታችን የመምህር ልጅ ወላጁ በሚያስተምርበት ክፍል አይመደብም፤ ማዳላት ይመጣል ይባላል። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰችው ልጄ ጂኦግራፊን የምትማረው ከእኔ ሳይሆን ከጎን ካለው ክፍል፣ ከባልደረባዬ ነው።

እኔ የምድርን ውስጥ የማስተምረው በአቮካዶ ነው። በእንቁላል የሚያስተምሩ አሉ፤ ምዕራፉ ግን ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ላይ ይውላል፣ የተቀቀለ እንቁላል ይዤ ጾመኛ ተማሪ ፊት መቆም ደግሞ ደስ አይለኝም። አቮካዶውን ለሁለት እሰነጥቀዋለሁ። ልጣጩ የምንኖርበት ቅርፊት ነው፣ ፍሬው እምብርቱ፣ በመካከል ያለው ወፍራሙ ክፍል ማንትል። አብዛኛው ምድር እሱ ነው እላቸዋለሁ፤ በጣም ይግላል፣ ግን እንደሚመስላችሁ የሚፈላ ባሕር አይደለም፣ ቀስ እያለ የሚንቀሳቀስ ጠጣር ዐለት ነው። ከዚያ አቮካዶውን ይበሉታል።

ባልደረባዬ ግን ማንትሉን ራሱን ይዛ መጣች። ከእንጅባራ በኩል ያገኘችው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ መሐሉ ላይ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ አለው። አረንጓዴው ማንትል ውስጥ የነበረ ነው፣ እሳተ ገሞራ ነቅሎ አወጣው። ለእያንዳንዱ ተማሪ አስጨበጠችው። የዚያን ቀን ልጄ ምሳዋን ትታ ስለ ድንጋዩ አወራች፤ በማግስቱም ያው። ቲቸር እንዲህ አለች፣ ቲቸር እንዲህ ስትስቅ። በሳምንቱ ጸጉሯን እንደ ቲቸር ተሠራች። ቀናሁ። እኔ አቮካዶ ስሰነጥቅ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታለች፤ አንድ ቀን እንኳ ለሰው ስታወራው አልሰማሁም።

መጀመሪያ ጣና ዳር ሄጄ ፈለግሁ። ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል፣ የተበሳሳ፣ እግር የሚልጥ፤ አረንጓዴ ግን አላየሁበትም። ከሷ የበለጠ ካላገኘሁ ሞቼ እገኛለሁ አልሁና አንድ ቅዳሜ ልጄን ይዤ በእንጅባራ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ለሽርሽር ነው አልኋት።

እንጅባራ ደርሰን፣ መንገድ ሲቆረጥ የተከመረ ድንጋይ ስናገላብጥ ዋልን። እኔ ወገቤን ከመያዝ በቀር ያገኘሁት የለም። ያገኘችው ልጄ ናት፤ ጡጫ የሚያህል፣ ግማሹ አረንጓዴ። የባልደረባዬ ድንጋይ ከዚህ አጠገብ ቢቀመጥ ያሳዝናል። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በሐሳቤ ቤታችን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቦታ መረጥሁለት፤ ሰኞ ወደ ክፍሌ ስወስደው ወሬው በግድግዳው በኩል እንዴት እንደሚሻገርም አሰብሁ።

ስንመለስ ልጄ ድንጋዩን በሻርፗ ጠቅልላ አቅፋው ነበር። መራዊ ላይ ሰው ወርዶ ሰው ሲሳፈር ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ ይኼን ለቲቸር ነው የምሰጣት።»

ስጫት አልሁ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

ባሕር ዳር ልንገባ ስንል ሻርፑን ከነድንጋዩ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ጉንጯ ቀልቷል።

«አንች ስጭልኝ። እኔ አፍራለሁ።»

እኔ ፊት ግን አፍራ አታውቅም።