የሚንቀጠቀጠው ትሪ

ባለፈው እሑድ ልጄ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ቤቷ ምሳ ጠራችኝ። ከምድጃው ያወጣችው ትሪ መሀል መሀሉ ይንቀጠቀጣል። ጎመን፣ ካሮትና አይብ ነው፤ በእንቁላልና በወተት ተይዞ የተጋገረ። ይኼን ምግብ አውቀዋለሁ፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ጉድ ሠርቶኛል።

ያኔ መካኒሳ ነበርን። እኔ የምግብ ዝግጅት ሥልጠና ጀምሬያለሁ፤ አባቴ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ሊያስቀምጠኝ ቆርጦ ተነሥቷል። "ወጥ ለመሥራት ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል?" ይላል። ስጨቀጭቀው ጊዜ "እሺ፣ እሑድ የተማርሽውን አቅምሺን። ከጣፈጠኝ ትቀጥያለሽ፤ ካልጣፈጠኝ ሰኞ ሱቅ" አለኝ።

እሑድ ጠዋት መብራት ጠፋ። መቼም እኛ ሰፈር መብራት የሚጠፋው ሲፈለግ ነው። በክረምቱ ጭቃ ትሪዬን ታቅፌ ዳቦ ቤት ወረድኩ፤ በዓል ሲደርስ የሰፈሩን ድፎ ዳቦ ሁሉ የሚጋግሩት እነሱ ናቸው። የአባቴ ታላቅ እህት እቴቴ ጥላ ይዛ ተከተለችኝ። ነይ ያላት አልነበረም።

ጋጋሪው ሲያወጣው እንዴት እንዳማረ! ዙሪያው ቀላ ብሏል፣ መሀሉ አስተማሪያችን እንዳለችው ለስላሳ ነው።

"ምነው ወባ እንደያዘው ይንቀጠቀጣል?" አለች እቴቴ።

"እንዲህ ነው እሱ። ሲቀዘቅዝ ይረጋል።"

"ወንድሜን ጥሬ እንቁላል ልታበዪው? እኔ ቆሜ?"

"እቴቴ፣ በማርያም፣ እንዳትነኪው!"

ለሰላጣ ቲማቲምና ቃሪያ ልገዛ ጉሊት ደርሼ ስመለስ ትሪው የለም። ተመልሶ ምድጃ ገብቷል። ጋጋሪው ትከሻውን ነቅንቆ "እናትሽ ናቸው መልሰው ያሉኝ" አለ። እናቴ አይደለችም! ጮኽኩ፣ አለቀስኩ። ሲወጣ አይቡ ውሃውን ተፍቶ፣ እንቁላሉ እንደ ስፖንጅ ተቦርቡሯል።

አባቴ አንድ ቁራሽ አላመጠ፣ አላመጠ፣ ውሃ ጠጣበት። "ዳቦማ ሱቅ ሞልቷል" አለ። ሰኞ ሱቅ ገባሁ፤ ይኸው ፀጉሬ እዚያው ሸበተ። እቴቴ ግን እስክትሞት ድረስ ለመጣው እንግዳ ሁሉ "እኔ ባልደርስላት ያን ቀን ጥሬ ልታበላን ነበር" ስትል ኖረች። የገደለው ባልሽ፣ የሞተው ወንድምሽ ይባል የለ። እየሳሳችልን ባጠፋችው ምን ብዬ ልክሰሳት?

እንግዲህ ባለፈው እሑድ ልጄ ሰሃን ልታመጣ ዞር ስትል፣ እጄ ፎጣ አንሥቶ፣ ትሪውን ይዞ፣ የምድጃውን በር ሲከፍት አገኘሁት።

"እማዬ! ተይው እንጂ! ሲቀዘቅዝ ይረጋል!"

"ጥሬ ነው እኮ" የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ መልሼ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ እውነትም ረጋ። ሁለት ቁራጭ በላሁ። አባቴ ያን ቀን መቅመስ የነበረበት ይኼንን ነበር።

በእቴቴ መናደዴን፣ ነፍሷን ይማርና፣ አልተውኩም። አሁን ግን የምናደደው በሁለታችን ነው።