ወደ ቀኝ መዞር የምትፈራ መኪና

የአክስቴ ባል ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ እኛ ጋሼ እንለዋለን። ትንሽ ነገር ነፍሱ ነው፤ ትልቅ ነገር ሁሉ ለእሱ የሰነፍ ሥራ ነው። መኪናውም ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከፊት አንድ ከኋላ ሁለት ጎማ ያላት ናት። የሠራት ፋብሪካ እኔ ሳልወለድ ተዘግቷል። ሰፈሩ «በርጩማ» ይላታል። ሲስቁበት ጋሼ፣ «ትዳር በሦስት ጉልቻ ይቆም የለ? መኪና በሦስት ጎማ ብትቆም ምን ይገርማል?» ይላል። የዚያን ዘመን መኪኖች ያነሳችሁበት ቀን ግን አበቃላችሁ፤ ሰዓታችሁን ከፍቶ ይተወውና እስኪመሽ ያወራችኋል።

አክስቴን ያገኛትም በዚህችው መኪና ነው። አያቴ ልጇን ከወንድ ጋር ለብቻዋ አትልክም ነበር። አብራ ልትሳፈር ሞከረች፤ አንድ እግሯ ገብቶ የቀረው ሁሉ ውጭ ቀረ፤ ሁለቱ ብቻቸውን ሄዱ።

በርጩማ አንድ ክፉ አመል አለባት፤ ወደ ቀኝ ስትዞር የቀኝ ጎማዋን ታነሳለች። ሹፌሩ በግራ ስለሚቀመጥ በቀኝ በኩል ከባድ ነገር ያስፈልጋታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ ከባድ ነገር አክስቴ ነበረች። ዘንድሮ ሐኪም ክብደት ቀንሺ ቢላት አሥራ አንድ ኪሎ ጣለች። ሁላችንም አደነቅናት፣ የጋሼ ፊት ብቻ ጠቆረ። አንድ ቀን መታጠፊያ ላይ መኪናዋ ዘመም ስትልበት፣ ከኋላ አሮጌ የመኪና ባትሪ አንሥቶ፣ «እስቲ ይቺን ጭንሽ ላይ ያዢልኝ» አላት።

አክስቴ እዚያው ወርዳ በእግሯ እኛ ቤት መጣች። «ሚስት ነኝ ወይስ ድንጋይ?» እያለች እናቴ ትከሻ ላይ አለቀሰች። ከእንግዲህ እዚያ ቤት አልመለስም ብላ ማለች፤ እሷ ደግሞ በከንቱ የምትምል ሴት አይደለችም።

ጋሼ በማግስቱ ሊለምናት ተነሣ። በእግሩ ቢመጣ ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም፤ ግን ያለ በርጩማ መምጣት ለእሱ ያለ ሱሪ እንደ መምጣት ነው። ብቻውን ደግሞ ወደ ቀኝ መዞር አይችልም። አንዱን ቀኝ በሦስት ግራ እየተካ ሲዞር ዋለ። ያው ትራፊክ ፖሊስ ለአራተኛ ጊዜ ሲያየው አስቆመውና፣ «ምን ጠፍቶህ ነው?» አለው።

«ሚስቴ» አለ ጋሼ። ከዚያ ቤንዚኑ አለቀና እየገፋ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በአራተኛው ቀን የበርጩማን ሳል ሰምተን ወደ መስኮት ሮጥን። ከጋሼ አጠገብ አንዲት ወፍራም ሴት ተቀምጣለች። ራሷ ላይ የአክስቴ አበባማ ሻሽ!

አክስቴ ክው አለች። «አራት ቀን! አራት ቀን እንኳ አልታገሠኝም!» ብላ ጭልፋ እንደያዘች ወጣች። የመኪናዋን በር በርግዳ ብታይ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ በገመድ የታሰረ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ።

«ሻሼን ለሲሚንቶ?»

«አቧራው ወንበርሽን እንዳያበላሽብሽ ብዬ እኮ ነው።»

«እሰይ ተገላገልክ! ከእኔ የምትሻል አገኘህ!»

«በሚዛን እንኳ ትሻላለች» አለ ጋሼ። ውሸት አያውቅም፤ እናቴ ግንባሯን መታች። «ወደ ቀኝ እንደ ልቤ ዞርኩ። ዛሬ የፈለግኩበት መሄድ እችላለሁ። ከቤት ወጥቼ ሳስበው ግን፣ ካንቺ ሌላ የምሄድበት የለኝም።»

አክስቴ ጭልፋውን ሰጠችኝ። ገመዱን በገዛ እጇ ፈታች፣ ሻሹን ጋሼ ፊት ላይ አራገፈችና እሱን አመድ አስመሰለችው። ሲሚንቶውን እኔና እናቴ እየተንገዳገድን አወረድን። ገብታ ተቀመጠች፤ በሩ በሦስተኛው ሙከራ ተዘጋ።

«ወደ ቀኝ ልትዞር ስትል ንገረኝ» አለችው።

መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ አክስቴ እስከ ወገቧ በመስኮት ወጣች፤ በርጩማም ሦስቱም ጎማዎቿ መሬት እንደነኩ ዞረች።